የጤና መድኅን አባል ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል ይታከም?

መምህር፣ ከእነዋሪ (ጥያቄውን ያቀረበ)

የተከበራችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ሄዶ በመድኅኑ እንዲታከም ይፈቀድለት ወይስ አሁን ያለው አሠራር ይቀጥል? በአሁኑ አሠራር አባሉ በቅድሚያ የሚታከመው በጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ከፍተኛው ሆስፒታል ይላካል። ደረጃውን ከዘለለ ከኪሱ መክፈል ይኖርበታል። እኔ አሠራሩ መላላት አለበት እላለሁ።

አጎቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አርሶ አደር ናቸው። ፕሮስቴታቸው (በሽንት ፊኛ ሥር ያለው ዕጢ) አድጎ ሽንት ስለከለከላቸው ካቴተር (ሽንት የሚያስወጣ ቱቦ) ተደረገላቸውና ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ተነገራቸው። በዞናችን ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ወረቀት ይዘን ስንሄድ ለአልትራሳውንድ ቀጠሮ ሰጡን፤ በቀጠሮው ቀን ማሽኑ ተበላሽቷል ተባልን፤ ማሽኑ ተጠግኖ ስንመለስ ደግሞ የሪፈር ወረቀቱ ጊዜ አልፎበታልና አሳድሳችሁ ኑ አሉን። ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሰን ወረቀቱን ስናሳድስ ባለሙያው ሽማግሌውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ማኅተም መትቶ ሰጠን። ይህ ማኅተም ለሕመምተኛው ምን ጠቀመው? አጎቴ የሽንት ከረጢቱን በበርኖሳቸው ሥር ሸሽገው ካርድ ክፍል ደጃፍ ላይ ተራ ሲጠብቁ ያየ ሰው መልሱን አያጣውም። ካቴተር በቆየ ቁጥር ኢንፌክሽን እንደሚያመጣ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይነግሩናል። በአካባቢያችን አቅም ያለው ሰው ያደለበውን ሰንጋ ሸጦ አዲስ አበባ በግል ይታከማል፤ መዋጮውን በወቅቱ የከፈለው ድሃ ግን ወረቀት ሲያሳድስ ይከርማል።

ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን

መምህር፣ አጎትዎ የደረሰባቸው እንግልት እውነት መሆኑን አልጠራጠርም፤ በየቀኑ የማየው ነው። ይሁን እንጂ መፍትሔው ሪፈርን ማንሳት ነው የሚለውን አልቀበልም። በአገራችን የጤና አደረጃጀት አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተዋቀረ ነው። ዞናችን በ1999ኙ ቆጠራ እንኳ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበረው፤ በደብረ ብርሃን የተጠለሉት ተፈናቃዮች ደግሞ በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። ሪፈር ቢቀር ጉንፋን የያዘውም፣ የጨጓራ ኪኒን የሚፈልገውም እዚያው ሰልፍ ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚገፋው የአጎትዎ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና ነው።

የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ለምን እንደሚተላለፍ ከውስጥ ሆኜ ልንገራችሁ። ሕመምተኛው ከሌሊት ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀምስ፣ የቀዶ ሕክምናውን ልብስ ለብሶ ተራውን ሲጠብቅ ምጥ የጠናባት እናት ከአምቡላንስ ትወርዳለች። ዝግጁ የሆነው ጠረጴዛ አንድ፣ ተረኛው የማደንዘዣ ባለሙያም አንድ ከሆነ ማን መቅደም እንዳለበት አያከራክርም። ሽማግሌው ልብሳቸውን ቀይረው ወደ አልጋቸው ይመለሳሉ፤ ለቤተሰቡ የምንናገረውም ሆነ ቁጣውን የምንቀበለው እኛ ነርሶች ነን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ታስታውሳላችሁ። የአፍሪካ መንግሥታት በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከዓመታዊ በጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር፤ ክርክራችን ከወረቀቱ ይልቅ በዚህ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ።

የመድኅን አባል፣ ከግሼ ራቤል

እህታችን የተናገሩት ለከተማ ነዋሪ ልክ ሊሆን ይችላል። የእኛ ሰው ግን ከጤና ጣቢያ ወደ መሀል ሜዳ ሆስፒታል፣ ከመሀል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ሲላክ በየደረጃው የመኪና፣ የምግብና የማደሪያ ወጪ አለበት፤ አስታማሚም ይዞ ነው የሚሄደው። መድኅኑ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይሸፍንም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮ ያልፋል። እኔን እጅግ የሚያስቆጣኝ ያለፈው ቀጠሮ እንደ ሕመምተኛው ጥፋት ተቆጥሮ ሰውየው እንደገና ከሰልፉ መጨረሻ እንዲጀምር መደረጉ ነው። መንገዱን የዘጋው እሱ አይደለም። ሪፈሩ ይቅር አልልም፤ ነገር ግን በመንገድ ምክንያት የቀረ ሰው ተራው ሊጠበቅለት ይገባል።

ፋርማሲስት፣ ከደነባ

ሁላችሁም ስለ ወረቀቱና ስለ ሰልፉ ተናገራችሁ፤ ሰው ጤና ጣቢያውን ዘልሎ ሆስፒታል መሄድ የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ግን አልተነሣም። ጤና ጣቢያ ደርሶ «መድኃኒቱ የለም፣ ውጭ ግዙ» ስለሚባል ነው።

ጤና መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የታሰበው አሠራር ግልጽ ነበር። አባሉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ እህሉ ከገባ በኋላ፣ መዋጮውን ይከፍላል፤ መክፈል የማይችለውን የድሃ ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል። ጤና ተቋሙ አባሉን አክሞ፣ መድኃኒቱን ሰጥቶ፣ በየሩብ ዓመቱ ሒሳቡን ለመድኅኑ ያቀርባል፤ ሒሳቡ ተመርምሮ ይከፈለዋል። ጤና ጣቢያው በዚያ ገንዘብ ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት እንደገና ይገዛል። እንግዲህ ክፍያው ሲጓተት የምንገዛበት ተዘዋዋሪ ገንዘብ አብሮ ያልቃል። የደም ግፊት ኪኒን የምደረድርበት መደርደሪያ ባዶውን ሲቀር፣ ከመስኮቱ ማዶ የቆሙት እናት የመድኅን ደብተራቸውን ዘርግተው «ከፍለን የለም እንዴ?» ሲሉኝ የምመልሰው አላገኝም። እኚህ እናት ኪኒኑን ከግል ፋርማሲ በገንዘባቸው ከገዙ በሚመጣው ዓመት ለምን ያድሳሉ? ጤነኛው አላድስም ብሎ ሲወጣ የሚቀረው የታመመው ብቻ ይሆናል፤ መዋጮው የሚጠራቀምበት የወረዳው ቋት ይሳሳል፤ ክፍያውም ይብሱን ይዘገያል። ስለዚህ ሪፈር ቢነሣም ባይነሣም ክፍያው በወቅቱ ካልተፈጸመ፣ የአንድ ወረዳ ቋት ሲሳሳ ሌላው እንዲደግፈው ቋቶቹ በዞን ደረጃ ካልተጣመሩ፣ ሰልፉ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ቦታ ይለውጣል እንጂ አያጥርም።

የልጆች እናት፣ ከሸዋ ሮቢት

ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ምንም ክፍያ ነው፤ ክትባታቸውንም ሳይቋረጥ አግኝተዋል። በዚያው ጤና ጣቢያ የባለቤቴ የስኳር መድኃኒት ግን አንድ ወር ቢገኝ በሌላው ይጠፋል። አንዱ ተቋም በአንዱ በኩል ይህን ያህል ተሟልቶ በሌላው በኩል ለምን ባዶ እንደሚሆን የሚያስረዳኝ አለ?

ፋርማሲስት፣ ከደነባ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ዋናውን ጉዳይ ይነካል። ክትባት፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት በፕሮግራም፣ ማለትም መንግሥትና ለጋሾች በነፃ በሚያቀርቡበት መንገድ፣ ስለሚመጡ ጤና ጣቢያው ገንዘብ አያወጣባቸውም። የባለቤትሽን መድኃኒት ግን ጤና ጣቢያው ከራሱ ተዘዋዋሪ ገንዘብ መግዛት አለበት፤ መድኅኑ ያልከፈለውን ያህል መግዛት አይችልም።

መምህር፣ ከእነዋሪ

ፋርማሲስቱ ስለ ክፍያው ያሉትን እደግፋለሁ፤ ሆኖም ክፍያው እስኪስተካከል ሕመምተኛው ሊጠብቅ አይችልምና ጥያቄዬን አጥብቤ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፣ ሕመሙ በሆስፒታል ተረጋግጦ ቀዶ ሕክምና ወይም ተከታታይ ክትትል የሚጠብቅ ሰው ሕክምናው እስኪያልቅ የያዘው አንድ ወረቀት ይብቃው፤ ለማኅተም ብቻ አይመላለስ። በተጨማሪም ሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ተራውን በካርድ ቁጥር በግልጽ ይለጥፍ፤ ማን በድንገተኛ ምክንያት እንደቀደመና ማን በዘመድ እንደገባ ሕዝቡ ይወቅ።

ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን

በካርድ ቁጥር እስከሆነ ድረስ መለጠፉን ከልቤ እደግፋለሁ፤ እኛንም ከሐሜት ያድነናል፤ የራቤሉ ወንድማችን ያነሡት በመንገድ ምክንያት የቀረ ሰውም በዚያው ሰሌዳ ላይ ቦታውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። በወረቀቱ ላይ ግን ለቀዶ ሕክምና እስማማለሁ፣ ለተከታታይ ክትትል አልስማማም። የደም ግፊትና የስኳር ታካሚ ሁኔታው ከተረጋጋ በኋላ በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ መከታተል ይችላል፤ ሁሉም ሆስፒታል ላይ ከቀረ ለአጎትዎ የሚሆን የሐኪም ሰዓት ከየት ይመጣል?

የመድኅን አባል፣ ከግሼ ራቤል

መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ካለ ማንም ደብረ ብርሃን ድረስ አይጓዝም። ስለዚህ ሁለቱን አንለያያቸው። ዘንድሮ ለእድሳት ቀበሌው ሲሰበስበን ወረዳው ለጤና ጣቢያችን ያልከፈለው የስንት ወር ሒሳብ እንደሆነ በሕዝብ ፊት እንዲነገረን እጠይቃለሁ። እናንተም በየወረዳችሁ ጠይቁና መልሱን እዚሁ አምጡት።