ፍሬድ አስቴር ከመድረክ ወደ ፊልም ሲገባ ዳንሱ ላይ ምን ተቀየረ?

የጭፈራ ወዳጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካዊው ጨፋሪና ተዋናይ በአስቴር የ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊልሞች ውስጥ ዳንሱ ሲጀመር ካሜራው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ይይዘዋል፣ እስኪጨርስም አይለቀውም። የእሱ ምርጫ ነው ወይስ የዘመኑ አሠራር? ደግሞስ በ1951ዱ «ሮያል ዌዲንግ» ግድግዳና ጣሪያ ላይ የጨፈረው እንዴት ነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

ነጭ መጋረጃ፦
የራሱ ምርጫ ነው። ከእሱ በፊት ብዙዎቹ ሙዚቃዊ ፊልሞች እግር ለብቻ፣ ፊት ለብቻ፣ የሚያጨበጭብ ተመልካች ለብቻ እየቆራረጡ ነበር የሚያሳዩት። እስክስታን ትከሻውን ትቶ እግሩን ብቻ እንደማሳየት ማለት ነው።

አስቴር ከልጅነቱ ጀምሮ ከእህቱ ከአዴል ጋር መድረክ ላይ ያደገ ሰው ነው። እሷ በ1932 አግብታ መድረኩን ስትተው ብቻውን ቀረ፤ በ1933 ወደ ፊልም ገባ። የለመደው ሙሉ ሰውነቱን የሚያይ ተመልካች ስለሆነ ካሜራውም እንደዚያ እንዲያየው ፈለገ። ካሜራው ዝቅ ባለ ባለጎማ ጋሪ ላይ ሆኖ ጎን ለጎን ይከተለዋል፣ ቆረጣውም በጣም ጥቂት ነው።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። በረጅም ቀረጻ መጨረሻው ላይ አንድ እርምጃ ከተሳተ ሁሉም ከ«ሀ» ይጀመራል። ለዚህ ነው ከጭፈራ አቀናባሪው ከሄርሚስ ፓን ጋር ሆኖ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ለሳምንታት የሚለማመደው። በ1936ቱ «ስዊንግ ታይም» የመጨረሻው ጭፈራ 47 ጊዜ ያህል ተቀርጿል፤ አብራው የምትጨፍረው የጂንጀር ሮጀርስ እግር እስኪደማ ድረስ።

የጫማ ብረት፦
ሮጀርስን ካነሳን ላይቀር፣ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ፍላይንግ ዳውን ቱ ሪዮ» ላይ አብረው ሲጀምሩ በፊልም ልምድ ያላት እሷ ነበረች። በተዋንያኑ ዝርዝር ስሟ 4ኛ ነው፣ የእሱ 5ኛ።

የምትሰሙት የታፕ (ብረት በተገጠመለት ጫማ ወለሉን እየመቱ የሚጨፈር ጭፈራ) ድምፅም በአብዛኛው ጭፈራው ሲቀረጽ የተያዘ አይደለም። ሙዚቃው አስቀድሞ ተቀድቶ በእሱ ይጨፍራሉ፤ የጫማው ድምፅ በኋላ ስዕሉን እያዩ ይቀዳል። በዚህ ጊዜ የሮጀርስን እርምጃ በእሷ ፈንታ የሚመታው ብዙ ጊዜ ፓን ነበር። ልብስም ቢሆን ይፈትናል፦ በ1935ቱ «ቶፕ ሃት» የሰጎን ላባ ቀሚሷ እየረገፈ ያስቸገራቸውን ጭፈራ ልብ ብላችሁ ካያችሁት የሚበሩ ላባዎች ይታያሉ።

ነጭ መጋረጃ፦
ወደ ጣሪያው ስንመጣ፣ ክፍሉ በሙሉ የተሠራው በሚሽከረከር ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ነው። ካሜራውና ካሜራማኑ ከክፍሉ ጋር ታስረው አብረው ይገለበጣሉ፤ ስለዚህ ክፍሉ የቆመ፣ አስቴር ደግሞ ግድግዳ የወጣ ይመስላል። እሱ ግን ሁልጊዜ ታች ነው፤ ግድግዳው ነው ወደ እግሩ የሚመጣው። ወንበሩም፣ መጋረጃውም በደንብ ካልተጠበቀ ወደ እውነተኛው መሬት ወድቆ ነገሩን ያጋልጣል።

ከባዱ ማዕዘኑ ነው። ቀድሞ ከረገጠ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ያዘነብላል፣ ከዘገየ ይንሸራተታል። እዚያ ስትደርሱ ቪዲዮውን አዝግሙት፤ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የሚያሻግርበት ቅጽበት ይታያችኋል።