5.8 ጊጋኸርዝ ጠብቄ 6.04 ላይ ወጣ፦ የማግኒዥየም ታይታኔት ናኖ ዱቄትና ትንሽ አንቴና

ሜሪ_ማቴሪያል

ሰላም ለሁላችሁ። ለ5.8 ጊጋኸርዝ የሚሆን ትንሽ የዳይኤሌክትሪክ ሬዞኔተር አንቴና (ሴራሚኩ ራሱ ሞገዱን የሚያስተጋባና የሚረጭበት) እየሠራሁ ነው። ሴራሚኩ 95 ሞል በመቶ ማግኒዥየም ታይታኔት፣ 5 ሞል በመቶ ካልሲየም ታይታኔት ነው። ዱቄቱን በፔቺኒ ዘዴ፣ በሲትሪክ አሲድና በኤትሊን ግላይኮል አዘጋጅቼ 700 °ሴ ላይ ካልሳይን አደረግኩት (ከመጨመቁ በፊት አቃጠልኩት)። በ13 ሚሊሜትር ዳይ (የመጭመቂያ ቅርጽ) ጨምቄ 1200 °ሴ ላይ 4 ሰዓት አቆየሁት፤ ፈርነሳችን ከዚያ በላይ አይወጣም።

ሞርጄ ስጨርስ ዲያሜትሩ 10.1፣ ቁመቱ 5.05 ሚሊሜትር ነው። የዳይኤሌክትሪክ ቋሚውን (ቁሱ የኤሌክትሪክ መስክን የሚያከማችበት ልክ) 20 ብዬ ሳሰላ በዚህ መጠን 5.8 መስጠት ነበረበት፤ ቪኤንኤው (የፍሪኩዌንሲ መለኪያ መሣሪያው) የሚያሳየኝ ግን 6.04 ጊጋኸርዝ ነው። አንዱን ፔሌት (ተጨምቆ የበሰለውን ክብ ሴራሚክ) ሰብሬ ሳየው ዳር ዳሩ ነጣ ያለ፣ መሀሉ ግን ጥቁር ግራጫ ነው። ፍሪኩዌንሲውን ያዛባው ይህ ጥቁረት ይሆን? ሌላ ፈርነስ ልፈልግ ወይስ ዱቄቱን ልቀይር?

አንቴና_በ50_ኦም

ስሌትሽ ልክ ነው። የሲሊንደሩ ሬዲየስና ቁመት እኩል ሲሆኑና የዳይኤሌክትሪክ ቋሚው 20 ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ሞድ ሬዲየሱ 5.05 ሚሊሜትር ይመጣል። ስለዚህ የተሳሳተው 20 ያልሽው ቁጥር ነው። ፍሪኩዌንሲው የሚሄደው የዳይኤሌክትሪክ ቋሚው ላይ 2 ተደምሮ ከሚገኘው ስኩዌር ሩት በተቃራኒ ስለሆነ፣ ከ5.8 ወደ 6.04 ለመውጣት ቋሚው ወደ 18.3 መውረድ አለበት። ያ ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ባዶ ቀዳዳ ያለበት ሴራሚክ የሚሰጠው ቁጥር ነው። በአርኪሜዲስ ዘዴ ዴንሲቲውን ለኪና እዚህ ጻፊልን። ፔሌቱ ክፍት ቀዳዳ ካለው ውሃ ስለሚጠጣ መጀመሪያ ደረቁን፣ ቀጥሎ ውሃ ውስጥ ተቀቅሎ የጠገበውን፣ ከዚያ ተንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ ያለውን ክብደት መዝኚ።

ከዚያ በፊት ግን የአየር ክፍተትን አስወግጂ። በፔሌቱ ታችና በብረት ሳህኑ መካከል የፀጉር ውፍረት ያህል ክፍተት ቢኖር ፍሪኩዌንሲው ወደ ላይ ይሸሻል፤ ሲግናሉን በሚያስገባው ፕሮብና በሴራሚኩ ጎን መካከል ያለውም እንዲሁ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቪኤንኤውን እያየሽ ፔሌቱን በፕላስቲክ ዘንግ ወደ ታች ተጫኚው። የኤስ 11 (ተመልሶ የሚንጸባረቀው ሲግናል) ጉድጓድ ወደ ታችኛው ፍሪኩዌንሲ ከተንቀሳቀሰ ክፍተት አለ ማለት ነው። በጣት አትንኪው፣ ጣት ራሱ ያዛባል። የታችኛውን ገጽ መስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት በ400፣ በ800፣ ከዚያ በ1200 ቁጥር ሞርጂው። ሙጫ ከፔሌቱ ስር እንዳይገባ፤ መያዝ ካስፈለገ ዙሪያው ላይ ብቻ ነጠብጣብ አድርጊ።

ጥቁረቱ ፍሪኩዌንሲ አያንቀሳቅስም፤ የሚጨምረው የኃይል ብክነት ነው። እሱም ቢሆን ለዚህ አንቴና የሚፈራውን ያህል አይደለም። የአንቴናሽ የጨረራ ኪው (የሚከማቸው ኃይል ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር) 19 ያህል ነው። የሴራሚኩ ኪው ሲባዛ በጊጋኸርዝ 50,000 ቢሆን፣ 5.8 ላይ ኪው 8,600 ይሆናል፤ ወደ 5,000 ቢወድቅ እንኳ 860 ነው። 860 ላይ ሴራሚኩ የሚበላው ከኃይሉ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለፊልተር የሚሠራ ሰው ስለ ኪው እንቅልፍ ቢያጣ ልክ ነው፤ አንቺ ግን ጭንቀትሽን በሙሉ ወደ ዴንሲቲና ወደ ልኬት አዙሪው።

ሸክላና_እቶን

ሜሪ፣ የናኖን ነገር አስቀድመን እናጥራ። ናኖ መሆን የሴራሚኩን ባሕርይ በራሱ አያሻሽልም። ከሲንተሪንግ (ዱቄቱን በሙቀት አጣብቆ ከማጠንከር) በኋላ ቅንጣቶቹ አድገው የማይክሮን መጠን ይይዛሉ። የናኖ ጥቅሙ አንድ ነው፦ የገጽ ስፋቱ ትልቅ ስለሆነ በተለመደው መንገድ ወደ 1400 °ሴ የሚፈልገውን ቅልቅል ዝቅ ባለ ሙቀት ያጠብቃል። ይህ የሚሆነው ግን ቅንጣቶቹ ሳይቧደኑ በደንብ ተጠቅጥቀው ከተጨመቁ ነው። ከ13 ወደ 10.1 ሚሊሜትር 22 በመቶ መኮማተር ማለት ጥሬው ፔሌት ገና ሲጨመቅ ባዶ ቦታው ከግማሽ በላይ ነበር ማለት ነው። 700 °ሴ ላይ የወጣ የፔቺኒ ዱቄት ለስላሳ ይምሰል እንጂ ጠንካራ ጉብጉብ (የተጣበቁ ቅንጣቶች ክምር) ነው። ጉብጉቡ ውስጡ ቶሎ ይጠብቃል፣ በመካከሉ ያለው ትልቅ ቀዳዳ ግን 1200 ላይ አይዘጋም።

መሀሉን ያጠቆረው ደግሞ ያልወጣ ካርቦን ነው፤ እሱ ኦክስጅኑን ሲወስድ ታይታኒየሙ በከፊል ሪዱስ ይሆናል (ኦክስጅን ያጣል)። ከሲትሪክ አሲዱና ከግላይኮሉ የሚገኘውን ሬዚን 350 °ሴ ላይ አቃጥለሽ ፍጪው። ከዚያ በሰፊ የአሉሚና ሳህን ላይ ከ5 ሚሊሜትር ባልበለጠ ውፍረት ዘርግተሽ፣ ክዳን ሳታደርጊ 900 °ሴ ላይ 5 ሰዓት አቆዪው። ቅንጣቱ ትንሽ ያድጋል፤ ያ ጥሩ ነው፣ በደንብ የሚጨመቀው እንደዚያ ያለው ነው። ባይንደሩን (ዱቄቱ ሲጨመቅ የሚያያይዘውን ማጣበቂያ) ለማስወጣት በደቂቃ 1 °ሴ እስከ 600፣ እዚያ 2 ሰዓት። ከዚያ በደቂቃ 4 °ሴ ወደ ላይ።

ሜሪ_ማቴሪያል

በጣም አመሰግናለሁ። ዴንሲቲው 3.5 ግራም በኩቢክ ሴንቲሜትር ነው። በዘንግ ስጫነው ጉድጓዱ አልተንቀሳቀሰም። ፈርነሱን መቀየር ስለማልችል ዝቅ ባለ ሙቀት እንዲጠብቅ ቦሪክ አሲድ ልጨምር አስቤ ነበር። ባይንደሬ ፒቪኤ (ፖሊቪኒል አልኮሆል) ነው።

ሸክላና_እቶን

ሙሉው ዴንሲቲ 3.9 ገደማ ስለሆነ ያንቺ 90 በመቶ ነው፤ ከላይ ከተሰላው ጋር ገጠመ። ቦሮን ትክክለኛ መንገድ ነው፣ ግን ቦሪክ አሲድና ፒቪኤ አንድ ላይ እንዳይገናኙ! ቦሮኑ የፒቪኤውን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስራቸውና ልጥልጥ ያለ ጄል ይሆናል፤ ሲደርቅ ጠጠር የሆነ ግራኑል ይወጣል፣ ሲጨመቅ አይደቅም፣ ቀዳዳው እንዳለ ይቀራል። በፒቪቢ (ፖሊቪኒል ቡቲራል) ቀይሪው፣ በኤታኖል አሟሙተሽ 2 በመቶ ይበቃል።

መጠኑን ልስጥሽ። ለ100 ግራም ዱቄት 0.5 ግራም ቦሮን ኦክሳይድ ለማግኘት 0.89 ግራም ቦሪክ አሲድ ያስፈልጋል። ከዚህ አትለፊ፤ ትርፉ ቦሮን ከማግኒዥየሙ ጋር እየገባ ሌላ ፌዝ (የተለየ ውህድ) ይፈጥራል።

ዱቄቱን በሙሉ ናኖ አታድርጊው። 70 በመቶውን በተለመደው የኦክሳይድ መንገድ ሥሪና 30 በመቶ ናኖ ጨምሪበት፤ ትንንሾቹ የትልልቆቹን ክፍተት ይሞላሉ። ለ100 ግራም የተለመደ ዱቄት 31.65 ግራም ማግኒዥየም ኦክሳይድ፣ 66.03 ግራም ታይታኒየም ኦክሳይድ፣ 4.14 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይገባል። ማግኒዥየምና ካልሲየም ታይታኔቱን ለየብቻ 1100 °ሴ ላይ ካልሳይን አድርገሽ ኋላ ደባልቂያቸው። ማግኒዥየም ኦክሳይዱን ደግሞ በቀጥታ ከጠርሙሱ አትመዝኚ። እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ 1000 °ሴ ላይ ጥቂት ሰዓት አቃጥለሽ እንደበረደ ወዲያው መዝኚው። ይህ ከተዘለለ ማግኒዥየሙ ያንስና ማግኒዥየም ዳይታይታኔት ይወጣል፤ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ይታያል። ወፍጮው በዚርኮኒያ ኳስና በኤታኖል ይሁን። በውሃ አይሆንም፤ በብረት ኳስ ከሆነም የሚገባው ብረት ሴራሚኩን ያቡናማዋል፣ ብክነትም ይጨምራል።

ለ13 ሚሊሜትር ዳይ 100 ሜጋፓስካል ማለት በፕሬሱ ጌጅ 1.35 ቶን ገደማ ነው። ከእጥፉ በላይ አትሂጂ፤ ሲወጣ በአግድም እንደ ቆብ ይነሳል። ማብረዱ በደቂቃ 2 °ሴ እስከ 800። መብራት የጠፋው ሲሞቅ ከሆነ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ በርዶ ሳያልቅ ከጠፋ ግን የፈርነሱን በር እንዳትከፍቺ።

አንቴና_በ50_ኦም

አንድ ነገር ልጨምር፦ በዚህ መንገድ ስትሠሪ መኮማተሩ ስለሚቀንስ ዲያሜትሩ ያድጋል። ጥሬው 52 በመቶ፣ የበሰለው 96 በመቶ ከሆነ ከ13 ሚሊሜትር ዳይ 10.6 ይወጣል። አዲስ ዳይ አያስፈልግም፣ ቁመቱን ወደ 4.7 ሚሊሜትር ሞርጂው፣ 5.8 ላይ ይመለሳል። ከላይ ለመሞረድ ትርፍ ተዪ፤ ጥሬውን 1.8 ግራም ብትጨምቂ ይበቃል። ፕሮቡን 5 ሚሊሜትር ላይ ጀምሪና በ0.2 እየቆረጥሽ ማቺንጉን (ከገመዱ ጋር መጣጣሙን) አስተካክዪ።

ካልሲየም ታይታኔቱ ግዴታ አይደለም። የሱ ሥራ የሙቀት መንሸራተቱን ወደ ዜሮ ማምጣት ነው። ማግኒዥየም ታይታኔት ብቻውን በዲግሪ 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50) ወደ ታች ይሄዳል፤ በ60 ዲግሪ ልዩነት 17 ሜጋኸርዝ ያህል ነው። አንቴናሽ ደግሞ ወደ 220 ሜጋኸርዝ ባንድዊድዝ አለው። ጠባብ ባንድ ላለው የጂፒኤስ ፓች ቢሆን ኖሮ ያለ ካልሲየም አልመክርም ነበር። ካወጣሽው ግን ቋሚው ወደ 17 ይወርዳልና መጠኑን እንደገና አስይው።