የመስከረምን ስሜት የሚመስል ሙዚቃ ምረጡልኝ

ጥያቄ
የበሬሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ።

ታላቅ እህቴ ውጭ አገር ከሄደች ብዙ ዓመት ሆኗታል። መስከረም በጠባ ቁጥር ትደውልና መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «አደዩ ፈካ ወይ?» ብላ ነው። ዘንድሮ በስልኬ ቀርጬ አምስት ደቂቃ የምትሆን ቪዲዮ እያዘጋጀሁላት ነው። በሬሳ ወንዝ ዳር ያለው አደይ አበባ አለ። ገና ያልደረሰ የገብስ ማሳ አለ። ልጆች ችቦ ይዘው ሲሮጡም አለ። እናታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የባቄላ እሸት ስትፈለፍል ደግሞ ቀርጫታለሁ።

የቸገረኝ ሙዚቃው ነው። ትዝታ ካደረግኩበት እህቴን ማስለቀስ ይሆንብኛል። ጭፈራ ሲሆን ደግሞ ከምስሉ ጋር አልሄድ አለኝ፤ እናቴ እሸት እየፈለፈለች ከበሮ ሲደለቅ አይሆንም። የምፈልገው ደስ የሚል፣ ግን ረጋ ያለ ነገር ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ የሚሰማን ዓይነት ስሜት። ምን ትመክሩኛላችሁ? የውጭ ሙዚቃ ቢሆንም ግድ የለኝም።

መልስ
ክራር መቺ (ሸዋሮቢት)፦

ወንድሜ፣ ትዝታን ቶሎ አትተወው። ሰው ትዝታ ሲባል እንባ ብቻ ይመስለዋል። ትዝታ ሜጀር አለ፣ ትዝታ ማይነር አለ። ክራሬን ከሜጀሩ ወደ ማይነሩ ስቀይር ከአምስቱ ድምፆች ሁለቱን ብቻ ነው የምነካው። ሦስተኛውንና አምስተኛውን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደርጋለሁ፣ በቃ። ሁለት ክር ትንሽ ላላ ሲል የቤቱ ስሜት ወዲያው ይለወጣል፤ ሲጫወት የነበረ ሰው ዝም ይላል። ሜጀሩ ግን ብሩህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስለቅሰን ግጥሙና የዘፋኙ አዘጋገም ነው እንጂ ቅኝቱ አይደለም።

ስለዚህ ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ትዝታ ሜጀር ፈልግ። ፍጥነቱ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው እርምጃ ያህል ይሁን። ከዚያ ከዘገየ ወደ ናፍቆት ይሄድብሃል።

አንቺሆዬን አልመክርህም። ሠርግ ላይ ስለለመድነው ሰው ሲሰማው ሙሽራ መጠበቅ ይጀምራል። ባቲና አምባሰል መቼም ድንቅ ናቸው፤ እነሱ ግን ልብን ይዘው ወሎ ይገባሉ።

መልስ
የመንዝ ሰው (መሐል ሜዳ)፦

ዋሽንት አድርግበት። እረኛ ሆኜ ያደግኩት መንዝ ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ ከብቱ ሜዳ ላይ ሲበተን የምንሰማው እሱን ነበር። አራት ቀዳዳ ያላት ሸምበቆ ናት፤ ግን አገሩን ሁሉ ትሞላዋለች። ደግሞ ብቻዋን ትሁን። ኪቦርድና ከበሮ ሲደራረብባት ትታፈናለች።

አንድ ነገር ልብ በል። ነፊው ትንፋሽ ሲወስድ ትንሽ ክፍተት ይፈጠራል። እዚያች ላይ የወንዙን ወይም የወፉን ድምፅ ከፍ አድርገው። ያኔ ዋሽንቱ ከምስሉ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። አምስት ደቂቃ ሙሉ ግን አታስነፋው፣ ጆሮ ይሰለቻል።

መልስ
መምህርት (እነዋሪ)፦

የውጭም ይሁን ስላልክ አንድ ልጠቁምህ። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቪቫልዲ እ.ኤ.አ. በ1725 ያሳተማቸው አራቱን ወቅቶች የሚገልጹ የቫዮሊን ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው ጸደይ ነው። ቫዮሊኖቹ ወፍ ይሆናሉ፣ ቀጥሎ ምንጭ ይሆናሉ፣ ከዚያ ነጎድጓድ ይመጣል። ሁለተኛው ክፍል ላይ እረኛው ሣር ላይ ተኝቷል፤ ቪዮላ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ውሻ ሆኖ ይጮኻል። ለተማሪዎቼ ሳሰማቸው ውሻውን ለማግኘት ጆሯቸውን ያቆማሉ። የእረኛን ነገር የኛ ልጆች አሳምረው ያውቁታል።

ነገር ግን የእነሱ ጸደይ ከብርድ መውጫ ነው፣ ነጎድጓዱም አብሮት ይመጣል። የኛ መስከረም ነጎድጓዱን የሚሸኝ ወር ነው። ስለዚህ መግቢያውን ብቻ ውሰድና ነጎድጓዱ ከመጀመሩ በፊት ቁረጠው። ለገብሱ ማሳ ይሆንሃል። ድርሰቱ ጥንታዊ በመሆኑ ማንም ቢጫወተው ይችላል። ቅጂው ግን የተጫዋቾቹ ንብረት ነውና ለሕዝብ የምትለቀው ከሆነ ፈቃዱን አጣራ።

መልስ
ዲያቆን (አንኮበር)፦

እስካሁን ያነሳ ሰው ባይኖርም አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው። ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ማኅሌቱ ይቆማል፤ ጽናጽሉና ከበሮው ሲሰማ ልብ ይመስጣል። ብዙ ልጆች ይህን እየቀዱ የአበባ ቪዲዮ ሥር ያደርጉታል። ወንድሜ፣ ይህ ጸሎት ነው፣ ማጀቢያ አይደለም። እህትህ ማኅሌቱ ናፍቋት ከሆነ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደህ ለብቻው ቅረጽላት። ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳትቆርጠው ላክላት፣ ታመሰግንሃለች።

መልስ
ኤዲተር (ደብረ ብርሃን)፦

ሁሉም ጥሩ ብለዋል። እኔ ደግሞ አምስቱንም ደቂቃ በሙዚቃ አትሙላው እላለሁ። እንዲህ ብታደርገው፦ መጀመሪያ ያለ ምንም ሙዚቃ በወንዙ ድምፅ ጀምር። አደዩ ሲመጣ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ሞክር፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ምታቸው እንደ ዘፈን ቆጠራ የያዘ ስላልሆነ ምስሉን ከምት ጋር ካልቆረጥኩ ብለህ አትጨነቅም። አበባውም በነፋስ የሚወዛወዘው እንደዚያው ያለ ቆጠራ ነው። ልጆቹ ጋ ራሳቸው የዘፈኑትን ተወው፣ ከዚያ የተሻለ የችቦ ሙዚቃ አታገኝም።

እናትህ ጋ ስትደርስ ግን ሙዚቃውን ጨርሰህ አጥፋው። የባቄላው ቆዳ ጧ ሲል ይሰማ። እሷም የምታወራው ካለ፣ ምንም ይሁን ምን፣ «ይሄኛው አልበሰለም» እንኳን ብትል፣ አትቁረጠው። እህትህ ይህን ቪዲዮ ደጋግማ የምታየው ለዚያች ድምፅ ብላ ነው የሚሆነው።

የበሬሳ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እናቴ ጋ ሙዚቃ አላደርግም፣ ቆርጫለሁ። ለማሳው ዋሽንቱን፣ ለአደዩ ፒያኖውን አድርጌ እሞክረዋለሁ። ክራሩን ደግሞ መጨረሻ ላይ። መምህርት፣ ቪቫልዲን ለራሴ አደምጠዋለሁ፣ ውሻውን ሳላገኝ አልተኛም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ወንዙ ጋ ያለው ድምፅ ነፋስ ገብቶበት ሹሹ ይላል። ምን ላድርገው?

ኤዲተር፦

እሱን በማስተካከል ጊዜህን አትፍጅ፣ ድምፁን ብቻ እንደገና ቅዳው። የደብረ ብርሃን ነፋስ ሳይነሳ፣ ማለዳ ሂድ። የስልክህን ማይክ በስስ ጥጥ ሸፍነው፤ ወንዙን ጀርባህ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊትህ አድርገህ ቁም። ሁለት ደቂቃ ያህል ሳትንቀሳቀስ ቅዳ። በቴሌግራም ስትልክላት ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው፣ ያለዚያ ጥራቱ ይቀንስብሃል።