ለአምቡላንስ በጎ ፈቃደኞቻችን የትኛው ሄልሜት ይገዛ? ጥይት መካቹ ወይስ ቀላሉ?

የእድሩ ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ነገሩን ላልሰማችሁት ባጭሩ ላስረዳ። የደብረ ማርቆስና የፍኖተ ሰላም እድሮች ውጭ አገር ካሉ ልጆቻችን ጋር ሆነው ገንዘብ አዋጥተዋል። ከአምቡላንስ ጋር ለሚንቀሳቀሱና በሞተር ብስክሌት መድኃኒት ለሚያደርሱ በጎ ፈቃደኞች የራስ መከላከያ ይገዛበታል። ምን ዓይነት ይሁን በሚለው ላይ ግን ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ጥይት የሚመክት ይሁን፤ ቁጥሩ ቢያንስም ይነስ» ይላል። ግማሹ «ከግጭትና ከመውደቅ የሚያድን ቀላል ሄልሜት ይሁንና ለሁሉም ይዳረስ» ባይ ነው። በአንዱ ጥይት መካች ዋጋ በርካታ ቀላል ሄልሜት እንደሚገዛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሐሳባችሁን ስጡን። ማን ጀመረ፣ ማን ተኮሰ የሚለው ግን ለሌላ ቦታ ይቆየን።

የሞጣው፦
ይህ ደግሞ ክርክር ያሻዋል? ተኩስ በሚሰማበት አገር ፕላስቲክ ቆብ ደፍታችሁ ሂዱ ልትሏቸው ነው? ልጁ ቢመታ እናቱ ፊት ቆሞ «ለሁሉም እንዲዳረስ ብለን ነው» የሚል ካለ ከአሁኑ ስሙን ያስመዝግብ። እኔ ጥይት መካች ብያለሁ። ለሁሉም ካልበቃ በተራ ያድርጉት።

አሽከርካሪው፦
ወንድሜ የሞጣው፣ ሐዘንህ ይገባኛል። እኔ ግን ከደብረ ማርቆስ እስከ ዓባይ በረሃ በሽተኛ ይዤ የምመላለስ ሰው ነኝ፤ ልጆቹ ምን እንደሚመታቸው በመስተዋት አያለሁ። ከኋላ ያለው ልጅ ቀበቶ አያስርም። ማሰርም አይችልም፤ በአንድ እጁ ግሉኮሱን ከፍ አድርጎ ይዟል፣ በሌላው የበሽተኛውን ትከሻ ደግፏል፣ በጉልበቱ ቃሬዛው አጠገብ ተንበርክኳል። ጠመዝማዛው ላይ አህያ ወይም ጭነት መኪና ድንገት ሲገጥመኝ ፍሬን እይዛለሁ። ያን ጊዜ የልጁ ራስ የሚያርፈው የኦክስጅን ሲሊንደሩ ማሰሪያ ላይ ነው፤ ካልሆነም በመድኃኒት ሳጥኑ ጠርዝ ላይ። ግንባሩ የተተረተረ፣ ራሱን ስቶ ከበሽተኛው ጎን የተኛ ረዳት አውርጃለሁ። በጥይት የተመታ ረዳት ግን እስካሁን አላወረድኩም፤ እግዚአብሔርም አያሳየኝ። ለእኔ ቢጠይቁኝ ዛሬውኑ ለሁሉም ቀላሉን ይግዙልን።

የሞጣው፦
እስካሁን አልደረሰም ማለት አይደርስም ማለት አይደለም።

አሽከርካሪው፦
ልክ ነህ። የሲሊንደሩ ግን በየጊዜው ይደርሳል።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
ልጆቼ፣ ጥይት መካች ስትሉ የትኛዋን ጥይት ማለታችሁ ነው? በገበያ በብዛት የሚሸጠው ሄልሜት ደረጃ 3ኤ የሚባለው ነው። የሚፈተነው በሽጉጥ ጥይት ነው፤ 8 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ በሰከንድ 430 ሜትር አካባቢ የምትበር። የክላሽ ጥይት በክብደት ከዚያች እምብዛም አትለይም፤ ከአፈሙዝ ስትወጣ ግን ፍጥነቷ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ነው። የሽጉጧ ጉልበት 750 ጁል አካባቢ ሲሆን የክላሿ ወደ 2,000 ይጠጋል። በዚያ ላይ አፍንጫዋ ሹል ነው። አሁን ጎጃም ውስጥ በየመንገዱ ትከሻ ላይ የምታዩት ሽጉጥ ነው ወይስ ክላሽ? 3ኤ ደፍቶ ክላሽ ፊት የሚቆም ልጅ ራሱን አታልሏል፤ የገዛንለትም እኛ አታለናል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ደግሞ ድፍረቱ ነው። «ጥይት መካች አድርጌያለሁ» ያለ ልጅ ተኩሱ እስኪበርድ መጠበቅ የነበረበት ቦታ ላይ ይገባል።

የጦር ሜዳ ቁር ከመነሻውም ለጠመንጃ ጥይት አልተሠራም። ፈረንሳዮች በ1915 እ.ኤ.አ. አድሪያን የተባለውን የብረት ቁር ለወታደሮቻቸው ሲያድሉ ያሰቡት ከላይ የሚዘንበውን የመድፍ ፍንጣሪ ነበር። በኋላም ብረቱ ኬቭላር በሚባል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር ተተክቶ የአሜሪካ ጦር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲያለብስ ሐሳቡ ያው ፍንጣሪው ነበር። የጠመንጃ ጥይት ያቆማሉ የሚባሉ አዳዲሶች ዛሬ አሉ፤ ዋጋቸው ግን የእድር ዋጋ አይደለም።

የሞጣው፦
መቶ አለቃ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለእኔ ክርክር ማገዶ አቀበሉኝ። ፍንጣሪ ካሉ እኮ ፍንጣሪም አለ። ከባድ መሣሪያ የወደቀበት አካባቢ ድንጋዩና መስተዋቱ ሳይቀር ይበራል። ደግሞ ጥይት ሁሉ ከአፈሙዝ አጠገብ አይመጣም። ከሩቅ ደክማ የምትመጣ አለች። በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውስ ተመልሶ አይወርድም? እርሱንም ክላሽ ነው ብለን እንተወው?

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
ይህን አልክድም። የክላሿ ጥይት 300 ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ ፍጥነቷ ወደ ሽጉጧ ይቀርባል። ወደ ሰማይ ተተኩሳ የምትወርደዋን አየሩ ስለሚይዛት በጣም ቀርፋፋ ናት፤ ያም ሆኖ የራስ ቅል ትበሳለች፣ ሰውም ገድላለች። ይህችን ከሰማይ የምትወርደዋን 3ኤ በቀላሉ ያቆማታል። ብዙውን ፍንጣሪም እንዲሁ። ብቻ አንድ ነገር እወቅ፦ ባትበሳውም ቁሩ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። በአንዳንድ ፈተናዎች ላይ እስከ 25 ሚሊ ሜትር መጎበጥ ይፈቀዳል። ውስጡ ያለው ትራስ ካነሰ ወይም ቁሩ በልክ ካልተቀመጠ ያ ጉብታ የራስ ቅልህን ያገኘዋል። በተራ ይደረግ ያልከው ለዚህ ነው የማያስኬደው።

የባሕር ዳሩ መምህር፦
መቶ አለቃ የጥይቱን ተናገሩ፤ እኔ የመሬቱን ልጨምር፤ ፊዚክስ አስተምራለሁና አትፍረዱብኝ። ብዙ ሰው ጥይት የሚመክት ነገር ግጭትንማ አብልጦ ይመክታል ብሎ ያስባል። አይደለም። የአሜሪካ ጦር ለኬቭላር ቁሩ ያስቀመጠው የግጭት ፈተና በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ሜትር ከማይሞላ ከፍታ እንደ መውደቅ ማለት ነው። በአውሮፓ በብዛት የሚሠራበት የሞተር ሄልሜት ፈተና ደግሞ በሰከንድ 7.5 ሜትር ነው፤ ከሦስት ሜትር ጥቂት ዝቅ ካለ ከፍታ እንደ መውደቅ። ጉልበቱ ሲሰላ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ባለ ሞተሮቹን ጥይት መካች ብታስደፏቸው ዋነኛውን ጠላታቸውን ኮረኮንቹን ረስታችኋል።

ቀላሉን ለምትደግፉም ይህችን ስሙ። «ቀላል» የምትሉት ውስጥ ቢያንስ ሦስት የማይገናኙ ነገሮች አሉ። የመጋዘን ሠራተኛ የሚያደርገው ስስ ቆብ 5 ኪሎ ግራም ከ25 ሳንቲ ሜትር ሲወድቅበት እንዲችል ብቻ ይፈተናል። የግንባታ ሄልሜት ያንኑ 5 ኪሎ ከአንድ ሜትር መቻል አለበት። የሞተሩ ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ነው። ኮሚቴው «ቀላል ሄልሜት ይገዛ» ብሎ ወስኖ የመጀመሪያውን ይዞ ቢመጣ የአሽከርካሪው ሲሊንደር ይስቅበታል። በትክክል የተደረገ የሞተር ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ጥንቅር አሳይቷል። ለጥይት መካች በእኛ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ማስረጃ ማን ያመጣልኛል?

ከውጭ አገር፦
እኔ ያለሁበት አገር የፖሊስ አሮጌ ቁር በርካሽ ይሸጣል። ሰብስቤ ብልክስ?

የቡሬው ነጋዴ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ግን አይሆንም። አሮጌ ቁር ምን እንዳገኘው በዓይን አይታይም። ፀሐይና እርጥበት የበላው ክር ከቀለሙ ሥር ነው ያለው። አንዳንዶቹ ፖሊኢትሊን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተሠሩ ናቸው፤ ዓባይ በረሃ ላይ በተዘጋ መኪና መስተዋት ሥር ሲውሉ ሙቀቱ ያዳክማቸዋል። ደግሞ ይህ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ሲደርስ ለማን ነው፣ ፈቃዱ የታለ ይባላል። መድኃኒታችንን እንኳ ለማስለቀቅ ስንት ደጅ እንጠናለን።

አዲስ ብትገዙም ዓይናችሁን ግለጡ። ገበያው ላይ የሞተር ሄልሜት ተብሎ የሚሸጠው ግማሹ ጌጥ ነው። የውስጡን ጨርቅ ገለጥ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ተጫኑ። ከጨርቁ ሥር ጠንካራ ነጭ ፎም ካገኛችሁ ደኅና፤ ጣታችሁ በስፖንጅ ውስጥ አልፎ ፕላስቲኩን ከነካ አስቀምጡትና ውጡ። ያ ነጭ ፎም ነው በግጭት ጊዜ እየተሰባበረ ጉልበቱን የሚበላው። አንድ ጊዜ ከተሰባበረ ደግሞ አይመለስም፤ ከተጋጨ በኋላ «ደኅና ነው፣ አልተሰነጠቀም» እያሉ ማድረግ የለም።

ነርስ ከፍኖተ ሰላም፦
ወንድሞቼ ሁላችሁም ስለ ራስ ቅል አወራችሁ፤ ሥራው ላይ ስላለነው ማንም አልጠየቀም። ጆሮ የሚሸፍነውን የድሮውን ዓይነት ቁር አድርጋችሁ የልብ ማዳመጫውን ጆሯችሁ ውስጥ ክተቱ እስቲ። አይገባም። አውልቄ አዳምጬ መልሼ ላድርገው? ጥይት መካቹ ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ ይመዝናል፤ እንደ ግንባታው ያለው ቀላሉ ግን ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ቃሬዛው ላይ ጎንበስ ብዬ ደም ሳቆም ከባዱ ወደ ዓይኔ ይወርዳል። ልጆቹ አንገታቸው ሲዝል አውልቀው ወንበር ሥር ይወረውሩታል፤ ወንበር ሥር ያለ ቁር ደግሞ ማንንም አያድንም። ሴቶቹማ ሹሩባና ሻሽ ላይ ስናደርገው እንደ እንስራ ይዞርብናል፤ የልኩን ነገር የጻፈ ማስታወቂያ እንኳ አላየሁም።

ሌላው መልካችን ነው። አረንጓዴ የወታደር ቁር የደፋ ሰው ከሩቅ ሲታይ ምን ይመስላል? እኛን እስካሁን የጠበቀን ነጭ ልብሳችንና ምልክታችን ነው።

የሞጣው፦
እህቴ፣ ቀለሙ ነጭ ይቀባ፤ ይህ ችግር አይደለም። ምልክቱ ጠበቀን ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ጣቢያ ምልክቱን ዘርግቶ ሳለ የጣሊያን አውሮፕላን ደብድቦታል። ምልክት የሚጠብቀው የሚያከብረውን ሰው ሲያገኝ ነው።

ነርስ ከፍኖተ ሰላም፦
ያንንማ አውሮፕላን 3ኤ ቁርም አይመልሰውም ነበር። የሚያከብረውን ግን ወታደር መስዬ ለምን ላደናግረው? አንድ የኬላ ጠባቂ በአንድ ጊዜ የሚወስነውን ነገር አስብ።

የእድሩ ጸሐፊ፦
እስካሁን ከተባለው የተረዳሁትን ለድምፅ አቀርባለሁ። ለባለ ሞተሮቹ የተፈተነ የሞተር ሄልሜት፣ ያለ ድርድር። በአምቡላንስ ውስጥ ለሚሠሩት ጆሮ የማይሸፍን፣ ነጭ፣ የአገጭ ማሰሪያ ያለው ቀላል የግጭት ሄልሜት፣ ደረጃው ቢያንስ እንደ ግንባታው የሆነ። የተረፈው ገንዘብ የረዳቱን ወንበርና ቀበቶ ለማሠራት፣ ሲሊንደሩንም በስፖንጅ ለማስጠቅለል።

የሞጣው፦
ጥይት መካቹስ ጨርሶ ቀረ?

የእድሩ ጸሐፊ፦
የለም፣ አልቀረም። ከባድ መሣሪያ ወደተሰማበት አካባቢ የሚወጣ መኪና ካለ ለሾፌሩና ለረዳቱ ሁለት ይኑር የሚል ሐሳብ መቶ አለቃ በስልክ ሰጥተውኛል። ግን በስማቸውና በልካቸው የተገዛ እንጂ በተራ የሚዞር አይሆንም። እሱም ራሱን ችሎ ድምፅ ይሰጥበታል።

አሽከርካሪው፦
ለሾፌሩ ያላችሁትን አልፈልግም። ከባድ ቁር አድርጌ በዚያ መንገድ አልነዳም። ለረዳቱ ይሁን።

የሞጣው፦
እኔ ለሁለቱም እንዲሆን እመርጣለሁ። ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ተይዟል። ድምፅ የሚሰጠው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ቤት ነው። በጎ ፈቃደኞች የራሳችሁን ዙሪያ ከቅንድባችሁ ከፍ ብሎ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክታችሁ በሳንቲ ሜትር ጽፋችሁ አምጡ። በግምት ትልቅ፣ ትንሽ አትበሉን።

ነርስ ከፍኖተ ሰላም፦
ሻሼን አስሬ ልለካ ወይስ ፈትቼ?

የእድሩ ጸሐፊ፦
አስረው፣ እህቴ። ሥራ ላይ እንደሚሆኑት ሆነው ይለኩ።