የቫንፖርት ቤቶች የት ገቡ? ፖርትላንድ ያላችሁ እርዱኝ

የሁለት ልጆች እናት፦ ሰላም ወገኖች፣ ልጄ በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች ስለተሠራችው ቫንፖርት አሳይመንት ተሰጥቷት፣ የቀረ ቤት ካለ ፎቶ አንስታ ልታስገባ ፈልጋ እሁድ በየሎው ላይን ባቡር ሄደን ዴልታ ፓርክ/ቫንፖርት ወረድን። ሁለት ሰዓት ዞረን ሳር፣ ጎልፍ ሜዳና የመኪና መወዳደሪያ ብቻ! ቤቶቹ የታሉ?

አሮጌው ሾፌር፦ እህቴ አትድከሚ፣ የቆምሽው ከተማዋ ላይ ነው። የመርከብ ፋብሪካዎቹ ባለቤት ሄንሪ ካይዘር በ1942 ነው ለመርከብ ሠራተኞቹ በጥድፊያ ያሠራት፣ ስሟም ከወንዙ ማዶ ካለችው ቫንኩቨርና (የካናዳዋ አይደለችም) ከፖርትላንድ ተቀጥሎ የወጣ ነው። 40 ሺህ ሰው ገደማ ኖሮባት ከኦሪገን ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ነበረች። ሜይ 30፣ 1948 ጠዋት ግድቡ አስተማማኝ ነው አትደንግጡ የሚል ወረቀት ለየቤቱ ታደለ፣ ከሰዓት 4:17 ላይ (በኛ 10:17) ሐዲዱ ያለበት የአፈር ግድብ ተደረመሰና ኮሎምቢያ ወንዝ ገባ። ቤቶቹ እንጨት ናቸው፣ የተቀመጡትም በእንጨት ጉማጅ ላይ እንጂ የሲሚንቶ መሠረት የላቸውም፣ እንደ ጀልባ ተነስተው እርስ በርስ ተላተሙ። 15 ሰው ሞተ፣ ከ18 ሺህ በላይ ቤት አልባ ሆነ።

ትዕግስት ነኝ፦ ሆም ኬር የምሠራላቸው ሴትዮ ልጅነታቸው እዚያ ነው። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ሆነን ይማርህ እንል ነበር ይላሉ፣ ወጥ ቤቱ ደግሞ ሁለት ምጣድ ብቻ ያላት ትንሽ ምድጃ። ከጎርፉ በኋላ ጥቁሮቹ (ከነዋሪው ሲሶ ያህሉ ነበሩ) ሌላ ሰፈር አላከራይም እየተባሉ አብዛኞቹ አልቢና የሚባለው የፖርትላንድ ሰፈር ገቡ። የልጅሽ ጽሑፍ ይሄን ካልነካ ጎደሎ ነው በኔ በኩል።

ላይብረሪ ወዳጅ፦ የቤቶቹን ፎቶ ዳውንታውን ኦሪገን ሂስቶሪካል ሶሳይቲ ጠይቂ፣ ከአየር የተነሱም አሉ። ደግሞ ፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጀመረው እዚያው በ1946 ቫንፖርት ተብሎ ነው፣ ከተማው ጠፍቶ ትምህርት ቤቱ ተረፈ፣ እሱንም ትጨምር።

የሁለት ልጆች እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ! እኔ እኮ ጣቢያው ተሳስተን ነው ብዬ ስጨቃጨቅ ነበር። የጎልፍ ሜዳውን ፎቶ ከድሮው የአየር ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ልትለጥፈው ነው። ትዕግስት፣ ሴትዮዋ በስልክ አሥር ደቂቃ ያናግሯት ይሆን?

ትዕግስት ነኝ፦ ነገ ጠይቄያቸው በውስጥ እጽፍልሻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ነው ጨዋታ የሚወዱት።