በ11 ኤምኢቪ ሳይክሎትሮን ዚርኮኒየም 89 ይወጣል?

ጠያቂ፦ ሰላም ሰዎች፣ እኛ ጋ ያለችው ሳይክሎትሮን (ፕሮቶን የሚያፈጥን ማሽን) ትንሽ ናት፣ ፕሮቶን እስከ 11 ኤምኢቪ (ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት፣ የጉልበት መለኪያ)፣ እስካሁን ለምስል የሚያገለግለውን ጨረር አመንጪ ፍሎሪን 18 ብቻ ነው የምንሰራባት። አሁን አንቲቦዲ (እጢን ፈልጎ የሚይዝ ፕሮቲን) የሚያጠኑ ልጆች መጥተው አንቲቦዲው እጢው ጋ እስኪሰበሰብ ቀናት ይፈጃል፣ በ110 ደቂቃ ግማሹ የሚያልቅ ነገር ምን ያደርግልናል አሉን፣ እውነታቸውን ነው። ቀስ ብሎ የሚያልቀውን ዚርኮኒየም 89 ነው የፈለጉት። በዚህ ጉልበት ይወጣል ወይስ ከሌላ ቦታ እናስመጣ?

ፎይል፦ ይወጣል እንጂ፣ እንደውም 11 መሆኑ ጠቅሞሃል። የሚሰራው ኢትሪየም 89 የሚባለውን ብረት በፕሮቶን በመምታት ነው፣ በተፈጥሮ ያለው ኢትሪየም ደግሞ ሙሉ በሙሉ 89 ስለሆነ እንደ ፍሎሪኑ ኦክስጅን 18 ውሃ የበለጸገ ፍለጋ አትገባም፣ ተራውን ፎይል ገዝተህ መምታት ነው። ከ13 ኤምኢቪ በላይ ስትሄድ ግን ዚርኮኒየም 88 ይቀላቀላል፣ እሱ ግማሽ እድሜው 83 ቀን ነው፣ በኬሚስትሪም አይለይም ምክንያቱም ያው ዚርኮኒየም ነው። ትልቅ ማሽን ያላቸው ጉልበቱን ለመቀነስ ይደክማሉ፣ አንተ ከዚህ ተገላገልክ።

ጠያቂ፦ ደስ ይላል፣ ግን የኛ ታርጌት (ቢሙ፣ ማለትም የፕሮቶኑ ጨረር፣ የሚያርፍበት እቃ) ለውሃ የተሰራ ነው እኮ 😅

ቢም_ላይን፦ ጣጣው እሱ ጋ ነው። ለፎይል ከኋላው ውሃ የሚያቀዘቅዘው መያዣ ያስፈልግሃል፣ 20 ማይክሮአምፒር ብትለቅ 220 ዋት ሙቀት እኮ ነው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ የሚያርፈው። ኢትሪየም ናይትሬት በናይትሪክ አሲድ አሟምተው በፈሳሽ ታርጌት የሚሰሩም አሉ፣ ግን ምርቱ ያንሳል፣ ቢሙ ሲያርፍበት ደግሞ ጋዝ እየፈጠረ ግፊቱን ይሰቅለዋል። ለአይጥ ሙከራ ከሆነ እኔ በፈሳሹ እጀምር ነበር። ሰዓቱን ግን ከፍሎሪን ጋር አታወዳድር፣ ፍሎሪንን ሁለት ሰዓት ገደማ ብትመታ ከጣሪያው (ሊጠራቀም ከሚችለው ከፍተኛ መጠን) ግማሽ ትደርሳለህ፣ ይሄኛው ግማሽ እድሜው 78 ሰዓት ስለሆነ በ4 ሰዓት 3.5 በመቶ አካባቢ ነው የምታገኘው፣ ደግነቱ ከኢትሪየሙ እየለየህ ሳለ አያልቅብህም።

ሆት_ሴል፦ ጨረር የሚከላከለውን እርሳስ ማን ያስብ 🙂 የፍሎሪኑ ጨረር 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ዚርኮኒየም ከዚያ በላይ 909 የሆነ ጋማ ያወጣል፣ ለፍሎሪን በቂ የነበረው ግድግዳ ለዚህ ሊሳሳ ይችላል፣ ከጨረር ደህንነት ሰዎቻችሁ ጋር ሳታሰሉ እንዳትጀምሩ። ለልጆቹም ንገራቸው፣ ከአንቲቦዲው የተላቀቀ ዚርኮኒየም አጥንት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ምስሉ ላይ አጥንት ቦግ ሲል እጢ ተሰራጨ ብለው እንዳይጽፉ።

ጠያቂ፦ የአጥንቱን ነገር አሁኑኑ እልክላቸዋለሁ። ቢም ላይን፣ ፈሳሹን ስትሰሩ አሲዱ የታርጌቱን መስኮት አልበላባችሁም?