አድራሻ ሲጻፍ ሰርቨሩ ይንጠለጠላል፣ ድረሱልኝ!

ድፎ_በትዕዛዝ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቸኩያለሁ። ነገ በዓል ነው፣ የድፎ ዳቦ ትዕዛዝ የምንቀበልበት ገጽ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይነሳል ይወድቃል። ሲፒዩው (የሰርቨሩ አንጎል) 100 በመቶ ይገባና እዚያው ይቀራል። ሪስታርት ሳደርገው አምስት ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ ያው ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ነው። ትናንት ማታ የጨመርኩት ነገር ቢኖር አድራሻ በአማርኛ ብቻ እንዲጻፍ የምታጣራ አንዲት ሬጀክስ (የጽሑፍን ቅርጽ የምትፈትሽ ቀመር) ናት፦

^([ሀ-ፐ]+ ?)+$

እሷ ግን አትመስለኝም። «ሜክሲኮ» ብዬ ስሞክራት ወዲያው ታሳልፋለች። ዳቦው ምጣድ ላይ ነው፣ ስልኩ ይጮሃል። ምን ላድርግ?

አራዳው፦
ሪስታርት አድርገው።

ራም_ጨምር፦
የበዓል ትራፊክ ነው ወንድሜ። ራም ጨምርበት፣ ይለቅሃል።

ድፎ_በትዕዛዝ፦
እህት ነኝ። ራሙ ግማሹ ባዶ ነው። ትዕዛዙም ገና 40 አልሞላም።

ስድስት_ኪሎ_ካፌ፦
ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሬጀክስ፣ በሙሉ ስሙ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ ከሒሳብ ቤት የመጣ ነገር ነው። የሒሳብ ሊቁ ስቴፈን ክሊኒ በ1956 ባሳተመው ሥራ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚገለጸውና ፋይናይት አውቶማታ የሚያውቀው ቋንቋ (የጽሑፎች ስብስብ) አንድ መሆኑን አሳየ። ፋይናይት አውቶማታ ማለት የሚረሳ ዘበኛ በሉት። አንድ ፊደል ያያል፣ ከቆመበት በር ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ ስንት ሰው እንደገባ አይቆጥርም። ለዚህ ነው የቅንፍ መክፈቻና መዝጊያ እኩል መሆኑን ማጣራት የማይችለው። በ1959 ራቢንና ስኮት ደግሞ ብዙ መንገድ ባንዴ የሚይዘው አውቶማታ አንድ መንገድ ብቻ ከሚይዘው በአቅም እንደማይበልጥ አሳዩ፤ በ1976 የቱሪንግ ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። በ1968 ኬን ቶምሰን…

ድፎ_በትዕዛዝ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ሰርቨሬ አሁንም እንደወደቀ ነው።

አራዳው፦
ሪስታርት አድርጊው አልኩሽ እኮ።

ጥቁር_ቡና፦
እህቴ፣ ያለፈውን ሳይሆን የተንጠለጠለውን አድራሻ ለጥፊልን።

ድፎ_በትዕዛዝ፦
ሎጉ (የሰርቨሩ መዝገብ) ላይ ያገኘሁት ይኸው፦ «ከጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወርዱ ከፋርማሲው አጠገብ 3ኛ ፎቅ»። ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። «ፒያሳ» ብለው የሚጀምሩት አይንጠለጠሉም፣ ወዲያው «እባክዎ በአማርኛ ይጻፉ» ይላቸዋል። ፒያሳ አማርኛ አይደለም እንዴ?

የሠፈር_ልጅ፦
ጣልያንኛ ነው 😂 ሬጀክስሽ ታሪክ አንብባለች።

ጥቁር_ቡና፦
ጥፋተኛዋ ራሷ ናት። + ማለት «አንድ ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ይደገም» ነው፣ ከስፔሱ ኋላ ? በማድረግሽ ደግሞ ስፔስ ቢኖርም ባይኖርም ሆኗል። ስለዚህ «አጠገብ» አንድ ቃል ሊሆን ይችላል፣ «አ» እና «ጠገብ»፣ «አጠ» እና «ገብ» እያለም ይቆረጣል። ባለ 4 ፊደል ቃል 8 አቆራረጥ አለው። አንድ ፊደል በተጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ይህ አድራሻ ከ3 በፊት በ8 ቃላት 37 ፊደል አለው፣ አቆራረጡ 536,870,912 ይደርሳል። የፓይተን ሬጀክስ እንደ አውቶማታ ሁሉን ጎን ለጎን አያስኬድም። አንዱን ይሞክራል፣ 3 ላይ ይጋጫል፣ ተመልሶ ሌላውን ይሞክራል፣ እንደገና 3 ላይ ይጋጫል። «ሜክሲኮ» የሚጋጭበት ነገር ስለሌለው አለፈ። እንዲህ አድርጊው፦

^[ሀ-ፐ]+( [ሀ-ፐ]+)*$

አሁን በቃላት መካከል ስፔስ ግዴታ ስለሆነ አቆራረጡ አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የተረፈ ስፔስ ካለ ቀድመሽ ቁረጪው።

ራም_ጨምር፦
አንዲት መስመር ሰርቨር ትጥላለች? አታጋንኑ።

ጥቁር_ቡና፦
ጁላይ 2 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) የብዙ ድረ ገጾችን ትራፊክ የሚያስተናግደውን ክላውድፍሌርን ያህል ድርጅት አንዲት ሬጀክስ ሲፒዩውን በልታበት 27 ደቂቃ ያህል ብዙ ድረ ገጽ ይዞ ወድቋል። ራም አልጎደለውም።

ስድስት_ኪሎ_ካፌ፦
ቶምሰን ልል የነበረው ይኸንኑ ነው! የሱ ዘዴ ሁሉንም መንገድ አብሮ እያስኬደ ጽሑፉን አንዴ ብቻ ያነባል። የጎ ቋንቋ ሬጀክስ በዚያ መንገድ ነው የሚሄደው። ፓይተንና ፐርል ግን ወደ ኋላ መመለስን መረጡ፣ ምክንያቱም «ቅድም ያየኸው ቃል ይደገም» የሚል ትእዛዝ መቀበል ይፈልጋሉ፣ እሱ ደግሞ ከሬጉላር ቋንቋ፣ ማለትም የሚረሳው ዘበኛ ሊያውቀው ከሚችለው፣ ውጭ ነው…

ፊደል_ቆጣሪ፦
የፒያሳን ማንም አልመለሰላትም። ልጅ ሆነን «ከሀ እስከ ፐ» ብለን ቆጥረናል፣ ኮምፒውተር ግን በዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዝርዝር) ተራ ነው የሚሄደው። ፐ የመጨረሻው ረድፍ የመጀመሪያዋ ናት። ፑ፣ ፒ፣ ፓ፣ ፖ ከሷ በኋላ ይመጣሉ፣ ስለዚህ ከወሰንሽ ውጭ ቀሩ። ፖስታ ቤትም ፓርላማም አያልፉም። በፐ ፈንታ ፚ አድርጊበት።

ቁም_ነገር፦
ቆይ፣ መጀመሪያ ነገር ለምን ትከለክያለሽ? የአዲስ አበባ ሰው አድራሻ አይጽፍም፣ መንገድ ነው የሚያሳየው። 3ኛ ፎቅ ይላል፣ ቤ/ቁ ይላል። የተስተካከለችው ሬጀክስም 3ን ትመልሰዋለች፣ ልዩነቱ ቶሎ መመለሷ ነው። ሳጥኑ ባዶ አለመሆኑንና ርዝመቱን ብቻ ፈትሺና ሬጀክሷን አውጪያት።

ድፎ_በትዕዛዝ፦
በላቲን ፊደል ሲጽፉት ሞተረኛዬ ማንበብ ይቸግረዋል።

ቁም_ነገር፦
ሞተረኛሽ በር ላይ ሲደርስ ደውሎ አይደል እንዴ የሚያገኛቸው?

ድፎ_በትዕዛዝ፦
እሱስ ልክ ነህ 😅 እሺ፣ አወጣኋት። ፋይሉንም ሴቭ አድርጌያለሁ። ግን አሁንም ሲፒዩው 100 ላይ ነው!! ምንድነው ጉዱ?

አራዳው፦
ሪስታርት። ፋይሉን ብትቀይሪም የሚሮጠው ገና የድሮው ነው።

የሠፈር_ልጅ፦
(በነጋታው) እህት፣ እንዴት ሆነልሽ? ድፎ የተረፈ ካለ እኔ ቸርችል ጎዳና ነኝ፣ ከፋርማሲው አጠገብ።